የአየርላንድ ስደተኛ ቅድመ አያትን ለመፈለግ፦ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ወይስ የመሬት መዝገብ?

እ.ኤ.አ. በ1922 በደብሊን የመንግሥት መዛግብት ቤት ላይ በደረሰው ቃጠሎ ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራ ሰነዶች በአብዛኛው ስለ ወደሙ፣ በዚያ ዘመን ከአየርላንድ የተሰደደ ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ሰው በቤተ ክርስቲያንና በመሬት መዛግብት ላይ መደገፉ አይቀርም።

ወጪ፦ የካቶሊክ አጥቢያዎች መዛግብትም ሆኑ የመሬት መዝገቡ፣ ማለትም ለግብር ሲባል የየይዞታው ዋጋ የተገመተበትና ከ1847 እስከ 1864 የታተመው የግሪፊት የመሬት ግምት፣ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ።

የሚሰጡት መረጃ፦ የጥምቀት መዝገብ ሕፃኑንና ወላጆቹን፣ ብዙውን ጊዜም የእናቲቱን የትውልድ ቤተሰብ ስም ይይዛል። የክርስትና አባትና እናት ስምም ይጻፋል፤ እነዚህ ብዙ ጊዜ የቅርብ ዘመዶች ስለሆኑ፣ በእኔ እምነት ከመዝገቡ ሁሉ የሚበልጠው ሀብት ይህ ነው። የመሬት ግምቱ ግን ባለይዞታውንና አከራዩን ብቻ ስለሚጠቅስ ሚስትና ልጆች አይታዩበትም፤ በምትኩ ቤተሰቡ የኖረበትን መንደር ከነካርታው ያሳያል።

ድካምና ስጋት፦ የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ በእጅ፣ ብዙ ጊዜም በላቲን የተጻፈና የደበዘዘ ነው፤ በምዕራብ አየርላንድ ብዙዎቹ አጥቢያዎች መመዝገብ የጀመሩት ከ1820 በኋላ ነው። የመሬቱ በስም ለመፈለግ ይቀላል፤ ሆኖም ሞክሼዎችን ያደናግራል። ገማቾቹ አንዳንዴ ሞክሼዎችን ለመለየት የአባት ስም ወይም ቅጽል ይጨምሩ ነበርና ይህን ማስተዋል ይገባል።

የትውልድ አጥቢያው የታወቀ ከሆነ ከጥምቀት መዝገብ መጀመር ይሻላል። የሚታወቀው የቤተሰብ ስምና ክፍለ ሀገር ብቻ ከሆነ፣ በተለይም ስሙ ብርቅ ሲሆን፣ የመሬት ግምቱ ይቅደም፤ ስደተኛው ከ1847 በፊት ቢወጣ እንኳ በስፍራው የቀረ አባቱ ወይም ወንድሙ ሊገኝበት ይችላል።