በርድካስት፣ ኢበርድ እና የበረዶ ካርታው፦ ዳክዬው መውረዱን ማን ቀድሞ ይነግረናል?

ቼሳፒክ ቤይ በሚባለው የአሜሪካ ባሕረ ሰላጤ ላይ ዳክዬ የሚያድን ሰው ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ድረስ የሚያብሰለስለው አንድ ነገር ነው፤ ዳክዬው ከሰሜን ወርዷል ወይስ ገና ነው? ለዋሽንግተን ዲሲና ለባልቲሞር ቅርብ የሆነው ታላቅ የዳክዬ ውሃ ይኸው ስለሆነ፣ በዚያ አካባቢ ለሚኖር የአደን ፍቅር ላደረበት ወገናችን ጥያቄው የራሱም ነው። መልሱን ለመፈለግ ገንዘብ የማይጠይቁ አራት አገልግሎቶች ስልክ ላይ አሉ፦ የወፎችን ጉዞ በራዳር የሚከታተለው በርድካስት፣ የወፍ ተመልካቾች መዝገብ የሆነው ኢበርድ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ትንበያ አገልግሎት የሰዓት በሰዓት ግራፍ፣ እና የታላላቅ ሐይቆች የበረዶ ካርታ። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፤ ለዳክዬ አዳኝ የሚበልጡት ስለ ወፍ አንዲት ቃል የማይናገሩት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ወራትና ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ምክንያቱ ብርድ ዳክዬን በሚያስነሳበት መንገድ ላይ ነው። ዳክዬ ስለበረደው ብቻ አይሰደድም። ከላይኛው ላባ ሥር ያለው ለስላሳ ላባ ሙቀቱን ይይዝለታል፤ ወደ እግሩ የሚወርደው ሙቅ ደም ከእግሩ የሚመለሰውን ቀዝቃዛ ደም መንገድ ላይ ስለሚያሞቀው፣ በረዶ ላይ ቆሞ ቢያድር እንኳ የሚያጣው ሙቀት ጥቂት ነው። የሚያስነሳው ሆዱ ነው። የወንዱ ጭንቅላት አረንጓዴ የሆነው ማላርድ የተባለው ዳክዬ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ አንገቱን ዘቅዝቆ ይመገባል። ኩሬው በረዶ ሆኖ ሲረጋበት ወደ ታጨደ የበቆሎ ማሳ ይዞራል። የወደቀው ፍሬ ላይ ስኖው ሲከመርበት ደግሞ ሁለተኛው ማዕድም ይታጠፋል፤ ያን ጊዜ ነው ተነስቶ ወደ ደቡብ የሚያቀናው። አማርኛችን ለሁለቱም «በረዶ» ስለሚል፣ እዚህ ከሰማይ የሚወርደውን ስኖው፣ ውሃ ላይ የሚረጋውን በረዶ እያልን እንለያቸዋለን። አንዱ ኩሬውን፣ ሌላው ማሳውን ነው የሚዘጋው።

ሁሉም ዳክዬ ግን እንደ ማላርድ አይጠብቅም። ክንፉ ላይ ሰማያዊ ያለበት ትንሹ ቲል የቀኑን ማጠር አይቶ ገና በኦገስትና በሴፕቴምበር ጉዞ ይጀምራል፤ ሰሜኑ ውርጭ ሳያይ እርሱ ወደ ካሪቢያንና ወደ ደቡብ አሜሪካ አቅንቷል። ለእርሱ የብርድ ትንበያ ማየት ከንቱ ድካም ነው። ካንቫስባክና ስካፕ የሚባሉት ጠላቂ ዳክዬዎች ደግሞ ሐይቁ እስኪረጋ ድረስ ሰሜን ይቆያሉ። አገልግሎቶቹን ስንመዝን በዋናነት የምናስበው እነዚህን የዘገዩትንና ማላርድን ነው።

ከአየር ትንበያው እንጀምር። ብሔራዊው አገልግሎት ለማንኛውም ነጥብ ሙቀትን፣ ነፋስን፣ ደመናንና የዝናብ ዕድልን በሰዓት ከፋፍሎ በግራፍ ያሳያል። ብዙ አዳኝ የሚሳሳተው የራሱን ሰፈር በመክፈት ነው። የእርስዎ ሰፈር መብረድ በሰሜን ያለውን ዳክዬ አያስነሳውም። መከፈት ያለባቸው ዳክዬው ያለባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ለቼሳፒክ ቡፋሎ፣ ሮቸስተር፣ ሲራኪዩስና በፔንሲልቬንያ ያለችው ኢሪ ከተማ ጥሩ መነሻ ናቸው። ከዚያ የአራት ነገሮች ሒሳብ ይሠራል። ይህን ቀመር ተመራማሪዎች የሚዙሪን የዳክዬ ቆጠራ መሠረት አድርገው በ2010 አሳትመውታል፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃዋል።

የቀኑን አማካይ ሙቀት በሴልሺየስ ይውሰዱና ምልክቱን ይገልብጡት፤ ከዜሮ በታች 3 ከሆነ 3 ብለው ይጻፉ። አማካዩ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ በተከታታይ የቆየባቸውን ቀናት ይደምሩበት። መሬት ላይ ያለውን የስኖው ውፍረት በኢንች ያክሉ፤ አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። በመጨረሻ ስኖው ከአንድ ኢንች ሳያንስ በተከታታይ የቆየባቸውን ቀናት ይጨምሩ። ድምሩ 7.2 እና ከዚያ በላይ ሲደርስ ማላርድ ወደ ደቡብ የመነሳቱ ዕድል ያመዝናል።

ቁጥሩ የሚያስተምረው ነገር አለ። አማካዩ ከዜሮ በታች 6 የሆነ አንድ ብርቱ ቀን፣ ስኖው ከሌለው፣ 6 እና 1 ተደምሮ 7 ብቻ ነው፤ ወሰኑን አይሻገርም። ከዜሮ በታች 3 ብቻ ሆኖ ብርዱ ሦስተኛ ቀኑን ከያዘ፣ ሁለት ኢንች ስኖው ካለና ስኖው ሁለት ቀን ከቆየ ግን 3፣ 3፣ 2 እና 2 ተደምሮ 10 ይሆናል። ስለዚህ «ዛሬ ሌሊት ከባድ ብርድ ነው» የሚለውን ዜና ሰምቶ ለነገ ንጋት ከሥራ ፈቃድ የሚጠይቅ አዳኝ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሰማይ ነው የሚጠብቀው። የሚጠቅመው የብርዱ መክረም ነው። አንድ ጉድለት ግን አለበት፦ ቀመሩ በመካከለኛው አሜሪካ ለሚኖር፣ ከውሃ ወደ ማሳ ለሚመላለስ ዳክዬ የተሠራ ነው። ለጠላቂዎቹ አይሠራም፤ እነርሱ ማሳ አይወርዱምና።

ለነርሱ የበረዶ ካርታው አለ። በኖአ (በአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር) ሥር ያለው የታላላቅ ሐይቆች ምርምር ላቦራቶሪ የእያንዳንዱን ሐይቅ በበረዶ የመሸፈን መጠን በየቀኑ በመቶኛ ያወጣል። ለእኛ ዋናው ኢሪ ሐይቅ ነው። አማካይ ጥልቀቱ 19 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ከአምስቱ ታላላቅ ሐይቆች ቶሎ ሙቀቱን የሚያጣውና በሰፊው የሚረጋው እርሱ ነው። በካናዳ በኩል ያለው ሎንግ ፖይንት የጠላቂ ዳክዬዎች ትልቅ ማረፊያ ነው። ከዚያ ቼሳፒክ ቤይን ከሰሜን ጫፉ እስከሚቀላቀለው የሰስኩሃና ወንዝ አፍ በአየር መስመር 470 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዳክዬ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል፤ ከኋላው 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ካገኘ አራት ሰዓት ይበቃዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ የተነሳ መንጋ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ውሃችን ላይ አርፏል ማለት ነው። አዳኙ ትናንት ባዶ አይቶት የሄደው ውሃ በማግስቱ ጠቁሮ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ካርታው የሚያሳስትበት ቦታ አለ። በዲሴምበር የሐይቁ ጠቅላላ ሽፋን ዜሮ በመቶ ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ የዳክዬው ምግብ ያለበት ጥልቀት የሌለው የሎንግ ፖይንት የውስጥ ባሕረ ሰላጤ ግን በዚያው ሳምንት ተዘግቶ ይሆናል። ስለዚህ መቶኛውን ሳይሆን ምስሉን ያጉሉና ዳር ዳሩን ይመልከቱ። ደመና ሲበዛ የሳተላይቱ ፎቶ አይጠቅምም፤ ያኔ ወደ ሙቀቱ ግራፍ መመለስ ነው። ነፋስ የሌለበት፣ ሰማዩ የጠራ ሌሊት ውሃን ከሁሉ ፈጥኖ ያረጋል፤ ነፋስ ያለበት የበለጠ ቀዝቃዛ ሌሊት ግን ውሃውን እያናወጠ ክፍት ሊያቆየው ይችላል።

በርድካስት በቴክኒክ ረገድ ድንቅ ሥራ ነው። የኮርኔል የወፍ ላቦራቶሪ ከኮሎራዶ ስቴትና ከማሳቹሴትስ አምኸርስት ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ያቆመው ሲሆን፣ ለአየር ትንበያ ከተተከሉት 143 ራዳሮች የወፎችን ምልክት ለይቶ ስንት ወፍ፣ በየት አቅጣጫ፣ በምን ፍጥነትና ከፍታ እንዳለፈ በካውንቲ ደረጃ ይነግራል። የሦስት ሌሊት ትንበያም አለው። ለዳክዬ አዳኝ ግን ሁለት ትልልቅ ክፍተቶች አሉበት። አንደኛ፣ ራዳሩ ዘር አይለይም፤ በኦክቶበር «በሌሊቱ ሁለት ሚሊዮን ወፍ አለፈ» ቢል አብዛኛው የመዝሙር ወፍ እንጂ ዳክዬ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ የመጸው አገልግሎቱ ከኦገስት 1 እስከ ኖቬምበር 15 ብቻ ነው። ማላርድና ካንቫስባክ በብዛት የሚወርዱበት ጊዜ ሲጀምር ካርታው ይዘጋል። በተጨማሪም የራዳሩ ጨረር በራቀ ቁጥር ከመሬት እየተነሳ ስለሚሄድ ከጣቢያው ርቀው ዝቅ ብለው የሚበሩት ያመልጡታል። በአጭሩ፣ ለቀደሙት ዳክዬዎች በማለዳ ገልጦ «ትናንት ማታ ሰማዩ ተንቀሳቅሷል?» ብሎ ለማረጋገጥ ይረዳል። ከዚያ ያለፈ አይጠበቅበት።

ኢበርድ የተሻለ ነው፤ አነባበቡን ለሚያውቅ። በ2002 የተጀመረው ይህ መዝገብ ዘርን ይለያል፣ ቁጥርም ይሰጣል። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ የዘር ካርታውን ይክፈቱ፣ የሚፈልጉትን ዳክዬ ይምረጡ፣ ዘመኑን ወደ ዘንድሮና ወደ ያዝነው ወር ያጥብቡ፣ ከዚያ ሎንግ ፖይንትን፣ በኒው ዮርክ ያለውን ሞንቴዙማን፣ ቀጥሎም በደላዌር ያለውን ቦምቤይ ሁክንና በሜሪላንድ ያለውን ብላክዋተርን አንድ በአንድ ይንኩ። ሰሜን ላይ የነበረው ቁጥር በአራት አምስት ቀን ወርዶ ደቡብ ላይ ከጨመረ ጉዞው ተጀምሯል። ሰሜንም ደቡብም ካልተነቃነቀ ነዳጅዎን ይቆጥቡ።

ስህተቱ የሚመጣው ከሦስት ነገር ነው። በቁጥር ፋንታ «ኤክስ» የተጻፈበት መዝገብ ወፉ ታይቷል ማለት ብቻ ነው፤ አምስትም አምስት ሺህም ሊሆን ይችላል። ቅዳሜና እሑድ ተመልካች ስለሚበዛ ሰኞ ጠዋት የሚታየው የቁጥር ዕድገት የሰው ብዛት ሊሆን ይችላል። ደግሞም በየሳምንቱ የሚንቀሳቀሰው ውብ ካርታ የብዙ ዓመታት መረጃ የተቀመረበት ነው፤ የዘንድሮን ብርድ አያውቅም። እርሱን አይቶ ለእረፍት ቀን መጠየቅ ስንት ሰው አሳዝኗል።

ካርታውን ወደ አገር ቤት ቢያንሸራትቱት የሚታየው ያስደስታል። የሰሜን ሾቨለርና ፒንቴይል፣ ከቼሳፒክ ላይ የሚገኙት ዘሮች ራሳቸው፣ ከአውሮፓና ከእስያ ሰሜን ወርደው በጣናና በዝዋይ ሐይቆች፣ በቢሾፍቱ አጠገብ ባለችው ጨለለቃም ላይ ይከርማሉ። የሳይቤሪያው ውርጭ ጣና ድረስ እጁ ይደርሳል።

መንጋው ከወረደ በኋላ ያው ብርድ በአዳኙ ላይ ይዞራል። የሰስኩሃና አፍ ጨው የሌለበት ውሃ ስለሆነ ከቤዩ ሁሉ ቀድሞ ይረጋል፤ ያኔ ዳክዬው ጨዋማ ወደሆነው ደቡብ ይሸሻል። በረዶ የያዘው ቦታ ላይ ማደን ከተፈለገ በረዶው በትንንሽ መፈረካከስ የለበትም፤ ስብርባሪው በደቂቃዎች ተያይዞ ይረጋል። በትልልቁ ቆርጦ ሰሌዳውን ከቀረው በረዶ ሥር ገፍቶ ማስገባት ነው፤ ውሃው ጥቁር ሆኖ ከላይ ይታያል። ለማታለያ ውሃ ላይ የሚቀመጡት የፕላስቲክ ዳክዬዎች ጀርባ ላይ በረዶ ሲለብስ ያንጸባርቃሉ፣ ያዘነብላሉም፤ በየግማሽ ሰዓቱ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማራገፍ ያስፈልጋል። የቀዘቀዘ ጠመንጃ የሞቀ መኪና ውስጥ ሲገባ ጤዛ ያወጣል፤ መልሰው ወደ ብርድ ሲያወጡት ጤዛው ውስጡ ይረጋና መምቻው ይይዛል፤ ወፍራም ዘይትም ያዘገየዋል። ስለዚህ ዘይቱን ጠርጎ በስሱ መቀባት፣ ሌሊቱንም ጠመንጃውን ከነማኅደሩ በቀዝቃዛው የመኪና ጓዳ ቆልፎ ማሳደር ይሻላል።

በኖቬምበር 11፣ 1940 ማለዳው ሞቅ ያለ ነበር። ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የነበሩ አዳኞች ቀለል ያለ ልብስ ለብሰው ወጡ፤ ከቀትር በኋላ ማዕበሉ ከነስኖው ደረሰ፣ ዳክዬውም እንደ ጎርፍ ወረደ። ሚኔሶታ ውስጥ ከሞቱት 49 ሰዎች ግማሽ ያህሉ ዳክዬ አዳኞች ነበሩ። ዛሬ ያው የሰዓት ግራፍ የነፋሱን መዞሪያ ሰዓት ቀድሞ ያሳያል፤ የአገልግሎቱን ዋጋ ከሁሉ በላይ የምናደርገውም ለዚህ ነው። ለትንንሽ ጀልባዎች ማስጠንቀቂያ ከወጣ ጀልባው ከተጎታቹ አይወርድም። በበረዶ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመግዛት አንድ ደቂቃ፣ እጁ ለመታዘዝ አሥር ደቂቃ፣ ራሱን ስቶ ሳይወድቅ አንድ ሰዓት ገደማ ነው ያለው፤ ተንሳፋፊ ሰደርያ ካልለበሰ ግን ሰዓቱ ላይ አይደርስም።

አንድ ነገር ይቀራል። ዳክዬውን የሚያመጣው ብርቱ የሰሜን ምዕራብ ነፋስ የላይኛውን ቤይ ውሃ ወደ ባሕር ይገፋዋል። ከመውጣትዎ በፊት የኖአን የባሕር ሙላትና ጉድለት ጣቢያ ይክፈቱና የተተነበየውን ከፍታ ከተለካው ጋር ያስተያዩ። ልዩነቱ ግማሽ ሜትር ጉድለት ካሳየ፣ ማታ የገባ ጀልባ ጠዋት ጭቃ ላይ ተቀምጦ ይገኛል።