የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ለምትገዙ፦ ከነጥብ በኋላ ያሉት ቁጥሮች እንዳያታልሏችሁ

«እጅግ ትክክለኛ» የሚባል የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ልትገዙ ካሰባችሁ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ ከፍዬ ነው የተማርኩት።

ዕቃው ሲያዩት ያምራል። ስክሪኑ ላይ 21.437 ይላል፤ ጣቴን ወደ ፕሮቡ (ሙቀቱን ወደሚለካው ዘንግ) ጠጋ ሳደርግ የመጨረሻው ቁጥር ወዲያው ይንቀሳቀሳል። ሻጩ «የዲግሪን አንድ ሺኛ ይለያል» አለኝ። አልዋሸም፣ ይለያል። እኔ ግን በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለውን በሬ ሆንኩ። መሣሪያው አንድ ሺኛ ያሳያል ማለት እስከ አንድ ሺኛ ድረስ ትክክል ነው ማለት አይደለም። በመመሪያው መጨረሻ ገጽ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ያነበብኩት ከገዛሁ በኋላ ነው፦ ፕሮቡ ፒቲ 100 (የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ከሙቀት ጋር የሚጨምር የፕላቲነም ዳሳሽ)፣ የትክክለኛነት ደረጃው ክላስ ቢ። የዚህ ደረጃ ፕሮብ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 0.3፣ በ100 ላይ ደግሞ 0.8 ዲግሪ ቢዛነፍ እንኳ ደንቡን አልጣሰም። እንግዲህ ከነጥቡ በኋላ ካሉት ሦስት ቁጥሮች የመጀመሪያውም አያስተማምንም።

ጥርጣሬዬን ለሻጩ ስነግረው «ውሃ አፍላና ሞክረው» አለኝ። ይህን ምክር አትቀበሉ። የውሃ መፍያ ከአየር ግፊት ጋር ይለዋወጣል፤ ከባሕር ጠለል በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ግፊቱን ለክቶ ያላሰላ ሰው ከፈላ ውሃ የሚያገኘው ማስረጃ የለም። የሚያዋጣው የበረዶ ፈተና ነው። ከተጣራ ውሃ የተሠራ በረዶ አድቅቄ ቴርሞስ ሞላሁ፤ በበረዶው መካከል ያለው ክፍተት እስኪሞላ ብቻ የቀዘቀዘ የተጣራ ውሃ ጨመርኩ፤ ፕሮቡን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አጠለቅሁት፤ ምክንያቱም ጫፉን ብቻ ነከር ካደረጉት የክፍሉ ሙቀት በብረቱ ዘንግ ወርዶ ንባቡን ያበላሸዋል። እያማሰልኩ ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ። ዜሮ ማለት ሲገባው 0.41 ላይ ቆሞ ቀረ። ክላስ ቢ የተባለውም ሐሰት ሆነ ማለት ነው? ፕሮቡስ ምናልባት ንጹሕ ነበር። ጉዱ ገመዱ ላይ ነው።

ማስታወቂያው «ባለ አራት ሽቦ» ይላል፤ መሰኪያውም አራት እግር አለው። ስፈታው ወደ ፕሮቡ የሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ሁለቱ እግሮች እዚያው መሰኪያው ውስጥ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተበይደዋል። የፒቲ 100 ተቃውሞ በ0 ዲግሪ 100 ኦም (የተቃውሞ መለኪያ) ነው፤ በዚያ አካባቢ በአንድ ዲግሪ የሚጨምረው 0.39 ኦም ግድም ነው። ስለዚህ የገመዱ 0.16 ኦም ብቻውን 0.4 ዲግሪ ሆኖ ይነበባል። አራት ሽቦ የሚፈለገው ይህንን የገመድ ተቃውሞ ከሒሳቡ ለማስወጣት ነው። ባለ አራት ሽቦ ከተባላችሁ መሰኪያው ተፈቶ ይታያችሁ፣ እግር በመቁጠር ብቻ አትርኩ።

የካሊብሬሽን (ንባቡ ከታወቀ ልኬት ጋር መመሳከሩን የሚገልጽ) ሰርተፍኬት ነበረው ወይ? ነበረው፣ ማኅተምም አለው። ነገር ግን የሰፈረበት የስክሪኑ ሲሪያል ቁጥር ብቻ ነው፤ የፕሮቡ የለም። ፕሮብና ስክሪን እንደ ቁልፍና ጋን ናቸው፤ የአንዱ ፕሮብ ማረሚያ ቁጥሮች በስክሪኑ ተመዝግበው ሌላ ፕሮብ ከተሰካ ንባቡ ይዛነፋል። ደግሞም ወረቀቱ «አልፏል» ይላል እንጂ በየትኛው ሙቀት ላይ ስንት እንዳነበበና ያ ልኬት ምን ያህል ሊያጠራጥር እንደሚችል አይናገርም። በአይኤስኦ/አይኢሲ 17025 (የላቦራቶሪዎች ብቃት ዓለም አቀፍ ደረጃ) ዕውቅና ካለው ላቦራቶሪ የሚወጣ ሰርተፍኬት እነዚህን ቁጥሮች ይዞ ይመጣል።

እስከዚህ ያለውን ችዬው ነበር፤ በየንባቡ 0.4 መቀነስ አያቅትም። ያንገበገበኝ መሣሪያው ንባቦቹን የሚያስቀምጥበት የመዝገቡ ነገር ነው።

«ሜሞሪው ለወራት ይበቃል» ተብዬ ነበር። ሜሞሪው የሚይዘው 16,000 ንባብ ነው። እኔ በየ10 ሰከንዱ እንዲመዘግብ አዘዝኩት፤ ቢሰላ 44 ሰዓት ግድም ነው። ናሙና የምናስቀምጥበት ፍሪዘር ውስጥ አድርጌው ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ 63 ሰዓት ቆየ። ሜሞሪው ሲሞላ መቆም ወይም ማስጠንቀቅ ሲገባው ዝም ብሎ ከመጀመሪያው እየሰረዘ በላዩ ይጽፋል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የተስተካከለው እንዲያ ነው። የመጀመሪያዎቹ 19 ሰዓታት ጠፉ። ፍሪዘሩ መሞቅ የጀመረው ደግሞ በእነዚያው ሰዓታት ነበር፤ የቀረልን መዝገብ የሚያሳየው መልሶ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ናሙናዎቹ ስንት ዲግሪ ድረስ እንደደረሱ የሚያውቅ የለም፤ ሁሉንም ጣልናቸው።

ባትሪ ስቀይርለት ሰዓቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ወደ 2000 ጃንዋሪ 1 ተመለሰ። ያንን ሳላይ የመዘገብኩት ሁሉ ቀኑ የተሳሳተ ነው። ፋይሉም የሚከፈተው በሻጩ ፕሮግራም ብቻ ነው፤ ለየኮምፒውተሩ ሌላ ክፍያ ይጠይቃል። ወደ ኤክሴል ላውጣው ስል የሚሰጠኝ ትንሹን፣ ትልቁንና አማካዩን ብቻ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ይኸው ፕሮግራም ቁጥሮቹን ያለ አንዳች አሻራ እንድቀይር መፍቀዱ ነው። ማን መቼ ምን እንደለወጠ የማያሳይ መዝገብ ይዞ ኦዲተር ፊት መቅረብ ባዶ እጅን ከመቅረብ አይሻልም።

ሻጩ «ካርቶኑ ተከፍቷል» ብሎ አልመልስም አለ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የስክሪኑም የፕሮቡም ሲሪያል ቁጥር ያለበትን ሰርተፍኬት አስልካችሁ እዩት፤ የተመዘገበ ናሙና ፋይልም ጠይቁና በራሳችሁ ኮምፒውተር ከፍታችሁ እያንዳንዱ ንባብ ከነሰዓቱ መኖሩን አረጋግጡ። ሰዓቱ ይጠፋ እንደሆነ ለማየት ባትሪውን ፊታቸው አውጥታችሁ መልሱት፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ቢያጋጥማችሁ ሌላ ፈልጉ።

የእኔው አሁን የክፍሉን ሙቀት ያሳያል። ስክሪኑ 22.806 ይላል፤ እኛ «22 ተኩል ገደማ ይሆናል» እንላለን።