እንጦጦ ወይስ መናገሻ ሱባ?

ከአዲስ አበባ ማልዶ ወጥቶ በተራራ ደን ውስጥ በጸጥታ ውሎ መመለስ ለሚሻ ሰው፣ እንጦጦና መናገሻ ሱባ ተመራጭ ናቸው። እንጦጦ ቅርብ ነው፤ የባሕር ዛፉ ሽታ በበጋ ጠዋት መንፈስን ያድሳል፣ በሰንበት ግን ሰው ይበዛበታል። በወጨጫ ተራራ ጎን ያለው፣ ታሪኩ ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር የሚነሣው መናገሻ ሱባ ግን በጽድና በዝግባ የተሸፈነ ጥንታዊ ደን ነው፤ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስትዘል ነጭ ጭራዋ ከቅጠሉ መካከል ብልጭ ይላል። በሐምሌና በነሐሴ መንገዱ ስለሚጨቀይ እንጦጦ ይሻላል። ዝናቡ አባርቶ ምንጩ ገና ሳይነጥፍ፣ በጥቅምት፣ እኔ ያለ ማመንታት ሱባን እመርጣለሁ፤ በዚያን ሰሞን ከጽዱ ግንድ ሥር ለተቀመጠ ሰው ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠበው ጤዛ እንኳ ይሰማዋል።