ጠመኔ፣ ስልክ፣ ምንጣፍ ወይስ ፎርስ ፕሌት? የዝላይ መለኪያ ለሚገዙ አሰልጣኞች

ስታዲየም ዙሪያ ካሉት የስፖርት ዕቃ ሱቆች ጎራ ከማለትዎ በፊት አንድ ነገር ይቁረጡ፦ የሚፈልጉት የዝላዩን ከፍታ ብቻ ነው ወይስ ልጁ መሬት ነክቶ ምን ያህል ቶሎ እንደሚፈናጠርም ጭምር?

ለከፍታ ብቻ ከሆነ ጠመኔና ግድግዳ ይበቃል። ቆሞ የነካውና ዘሎ የነካው ሲቀናነስ ውጤቱ ይገኛል። ቆሞ ሲለካ ትከሻውን የሰበሰበ ልጅ ግን ያልዘለለውን ሳንቲሜትር ያተርፋል።

በሰከንድ 240 ፍሬም የሚቀርጽ ስልክ ከዚህ ይሻላል። እግሩ ከመሬት ከለቀቀበት እስከሚነካበት 120 ፍሬም ከቆጠሩ፣ አየር ላይ 0.5 ሰከንድ ቆይቷል። ጊዜውን በራሱ፣ ከዚያ በ1.226 ሲያባዙት 0.31 ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ፍሬም ቢሳሳቱ የሚዛባው ግማሽ ሳንቲሜትር ነው፤ በ30 ፍሬም ቢቀርጹ ግን 4 ሳንቲሜትር! ችግሩ ድካሙ ነው፦ 20 ልጅ ሦስት ሦስት ጊዜ ሲዘል 60 ቪዲዮ ቁጭ ብሎ መቁጠር ነው።

ምንጣፉ (እግር ሲነካውና ሲለቀው ጊዜውን የሚመዘግብ የኤሌክትሮኒክ ንጣፍ) ይህን ወዲያው ይሰጣል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን የንክኪ ጊዜው ነው። ሁለት ልጆች ከሳጥን ወርደው እኩል 30 ሳንቲሜትር ዘለሉ እንበል። አንዱ መሬት ላይ 0.20 ሰከንድ ከቆየ ውጤቱ (ከፍታው በሜትር ለንክኪ ጊዜው ሲካፈል) 1.5 ነው፣ 0.30 የቆየው 1.0 ብቻ። ጠመኔ ሁለቱን አይለያቸውም። ሱቅ ውስጥ አንዴ እግርዎን ዘርግተው፣ አንዴ ጉልበትዎን አጥፈው እያረፉ ይሞክሩት። ሁለተኛው ከፍ ብሎ ይነበባል፤ 0.50 የነበረው 0.55 ቢሆን ከ6 ሳንቲሜትር በላይ ውሸት ነው። ዕቃው ተበላሽቶ ሳይሆን የሚለካው ጊዜን ስለሆነ ነው፤ ስልክም ያው ነው። ገመዱ ምንጣፉን የሚነካበትን ቦታ ይፈትሹ፣ ሲያስቀምጡም ይጠቅልሉት እንጂ አይጠፉት። እንደ ጃንሜዳ ባለ ወጣ ገባ ሜዳ ላይ አይዘርጉት፤ ሲሚንቶ ይፈልጋል።

ፎርስ ፕሌት (ልጁ ላዩ ላይ ቆሞ የሚዘልበት ሰሌዳ) የሚለካው እግሩ መሬቱን የሚገፋበትን ኃይል ራሱን ነው፤ ከፍታውን ከመነሻ ፍጥነት ስለሚያሰላ በጉልበት ማጠፍ አይታለልም፣ ጥንድ ከሆነም የግራና የቀኙን ልዩነት ያሳያል። ልጁ ከመዝለሉ በፊት አንድ ሰከንድ ያህል ካልተንቀሳቀሰ ብቻ ነው ግን የሚታመነው። የሶፍትዌሩ ዓመታዊ ክፍያ ሲቋረጥ መሥራቱን ይቀጥል እንደሆነ ሳይጠይቁ ብር አያውጡ። ከጉዳት የሚመለሱ ስፖርተኞችን ለሚከታተል ማዕከል ይገባል፤ ለሠፈር ክለብ ግን ትርፍ ወጪ ነው። ለክለብ ምንጣፉን እንመርጣለን።

ለምንጣፉ ሙከራ ልጆቹ የሚወርዱበትን ሳጥን አናጺ በ30 ሳንቲሜትር ከፍታ ይሥራልዎ። ልጁ አንድ እግሩን ወደፊት አውጥቶ ይውረድ እንጂ ወደ ላይ አይነሳ፤ ከተነሳ የወረደው ከ30 በላይ ነው።