«ከሀ እስከ ፐ እኛ እንጨርሳለን» የሚባለው የእጮኛ ቪዛ ፓኬጅ፦ ቅድሚያ ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት

አንዳችሁ አሜሪካ አንዳችሁ አዲስ አበባ ሆናችሁ ለመጋባት የምታስቡ ከሆነ፣ ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ ላይ «ሙሉ ፓኬጅ» የሚል ማስታወቂያ ሳይገጥማችሁ አልቀረም። ፓኬጁ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ኬ-1፣ የእጮኛ ቪዛው ነው። ለደላላው ይህ ይመቸዋል። ሰርግም የጋብቻ ሰርተፍኬትም ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ቅድሚያ ይቀበላል፤ ቪዛው ፓስፖርት ላይ ሲለጠፍ ደግሞ ሥራዬን ጨረስኩ ይላል። ለእናንተ ግን ትልቁ ወጪ ገና ከፊት ነው።

ሂሳቡን እንየው። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በሚሠራው ታሪፍ የኬ-1 ማመልከቻ (አይ-129ኤፍ) 675 ዶላር ነው፤ ለኤምባሲው የቪዛ ክፍያ 265 ይጨመራል። ደላላው «ጠቅላላ ወጪ» ብሎ የሚያሳያችሁ እዚህ ላይ ያበቃል። እጮኛችሁ አሜሪካ ከገባች በኋላ ግን በ90 ቀን ውስጥ መጋባት፣ ቀጥሎ የግሪን ካርድ ማመልከቻ (አይ-485) ማስገባት አለ፤ እሱ ብቻውን 1,440 ዶላር ነው። ካርዱ እስኪደርስ ለመሥራት የሥራ ፈቃድ 260። ድምሩ 2,640 ሆነ። አስቀድማችሁ ተጋብታችሁ በትዳር ጓደኛ ቪዛ (ሲአር-1) ብትሄዱስ? የቤተሰብ ማመልከቻው (አይ-130) በኢንተርኔት ሲገባ 625፣ ሰነድ ለሚሰበስበው ናሽናል ቪዛ ሴንተር ለቪዛው 325 እና ለስፖንሰር ሰነዱ 120፣ የግሪን ካርዱ 235፤ ድምሩ 1,305። የሕክምና ምርመራና የትርጉም ወጪ በሁለቱም መንገድ ስላለ እዚህ አልተደመረም። ታሪፍ ይቀየራልና ከመክፈላችሁ በፊት የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት (ዩኤስሲአይኤስ) ድረ ገጽ ላይ ጂ-1055 የሚባለውን የክፍያ ሰንጠረዥ ተመልከቱ።

ልዩነቱ በብር ብቻ አይለካም። በሲአር-1 የመጣች ሰው አሜሪካ ከገባችበት ቀን ጀምሮ ቋሚ ነዋሪ ናት፤ ሥራ ለመጀመር ሌላ ፈቃድ አትጠብቅም። በኬ-1 የመጣችው የሥራ ፈቃዷ እስኪወጣ ወራት ቤት ትቀመጣለች። ማመልከቻዋ በሂደት ላይ እያለ የጉዞ ፈቃድ ሳትይዝ ከአሜሪካ ከወጣች፣ ለእናት ለቅሶም ቢሆን፣ ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል። ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው፤ በኬ-1 የገባ ሰው እዚያው ሆኖ ግሪን ካርድ የሚያገኘው ያመለከተለትን ሰው አግብቶ ብቻ ነው። ነገሩ ከፈረሰ ሌላ አግብቶ እዚያው ማስተካከል አይቻልም። ይህን የሚነግር ደላላ አላየንም።

ኬ-1 የሚያዋጣበት ጊዜም አለ። ዋነኛው የልጅ ጉዳይ ነው። እጮኛችሁ 18 ዓመት ያለፈው ልጅ ካላት፣ ከዚያ ዕድሜ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻ በአይ-130 የእንጀራ ልጅ ለማምጣት አይጠቅምም፤ በኬ-1 ሥር ግን ከ21 ዓመት በታች ያለ ያላገባ ልጅ ለእጮኛ ልጆች በሚሰጠው ኬ-2 ቪዛ አብሮ ይመጣል። «የልጆቿ ዕድሜ ስንት ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ኬ-1 የሚሸጥላችሁ ሰው ሥራውን አያውቅም ወይም ግድ የለውም። አመልካቹ የአሜሪካ ዜጋ መሆን እንዳለበትም አትርሱ። ግሪን ካርድ ብቻ ላለው ሰው ኬ-1 አስገባለሁ የሚል ካለ ስልኩን ዝጉት።

አሁን ብዙ ፋይል ወደሚቃጠልበት ቦታ እንምጣ። ደላላው «ማስረጃው ይጠንክር» ብሎ ቬሎና ሱፍ ያከራያል፣ ኬክ ያስቆርሳል፣ ፎቶ ያስነሳል። ኬ-1 ግን ላልተጋቡ ሰዎች የተሠራ ቪዛ ነው። በእኛው የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ጋብቻ የሚጸናው በክብር መዝገብ ሹም ፊት ሲፈጸም ብቻ አይደለም፤ በሃይማኖት ወይም በባህል ሥርዓት የተፈጸመውም ጋብቻ ነው። ስለዚህ ተክሊል ተደርጎ ወይም ኒካህ ታስሮ «ሰርተፍኬት ስላላወጣን አልተጋባንም» ማለት ቆንስሉ ፊት አያስኬድም። ተጋብታችኋል ተብሎ ቪዛው ይከለከላል፣ የከፈላችሁት አይመለስም፣ እንደገና በአይ-130 ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ሽምግልና መላክና ቀለበት ማድረግ ብቻውን ጋብቻ ስላልሆነ አይጎዳም። የሚጎዳው ሰርግ የሚመስለው ሁሉ ነው።

ተቃራኒው ማታለያ ደግሞ «መምጣት አያስፈልግህም፣ በውክልና እናጋባለን» የሚለው ነው። በቤተሰብ ሕጋችን ሁለቱም ተጋቢዎች በአካል መገኘት አለባቸው፤ በውክልና የሚቻለው ከባድ ምክንያት መኖሩ ተረጋግጦ ፍትሕ ሚኒስቴር ሲፈቅድ ብቻ ነው። ተፈቅዶ እንኳ ቢፈጸም፣ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ተጋቢዎቹ አንድ ቦታ ሳይገኙ የተደረገ ጋብቻ፣ ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ በአካል ተገናኝተው እንደ ባልና ሚስት ካልኖሩ በስተቀር አይቆጠርም። በቪዲዮ ከአሜሪካ የሚፈጸመው «የኦንላይን ጋብቻ»ም ያው ነው። ኬ-1ም በአካል ከመገናኘት አያስጥልም፤ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል ተገናኝታችሁ መሆን አለበት፣ ከዚህ ነጻ መሆን የሚፈቀደው እጅግ ጠባብ በሆነ ምክንያት ነው። መገናኛው የግድ አዲስ አበባ መሆን የለበትም፤ ዱባይም ናይሮቢም ይሆናል፣ የፓስፖርት ማህተሙንና የአውሮፕላን ትኬቱን ብቻ አትጣሉ።

«ተጨማሪ ከከፈላችሁ በፕሪሚየም በ15 ቀን እናስጨርሳለን» የሚለው ንጹህ ውሸት ነው። ፕሪሚየም ፕሮሰሲንግ (ተጨማሪ ተከፍሎ ፋይል የሚፈጥንበት አገልግሎት) ለአይ-130ም ለአይ-129ኤፍም የለም። የማፋጠን ጥያቄ ማቅረብ በነጻ ነው፣ የሚፈቀደውም ለአስቸኳይ ሁኔታ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የቪዛ አሰጣጥን በውሳኔ ሲያቆም ወይም ሲያጠብቅም «ኤምባሲ ውስጥ ሰው አለን» ባዩ ምንም አይለውጥም፤ ወቅታዊውን ከኤምባሲውና ከአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ራሳችሁ አንብቡ።

ስፖንሰር በኪራይም ይሸጣል። ለግሪን ካርድ ስፖንሰሩ በሚፈርመው የድጋፍ ግዴታ (አይ-864) የገቢ መስፈርቱ የአሜሪካ መንግሥት በየዓመቱ የሚያወጣው የድህነት መነሻ ገቢ 125 በመቶ ነው፤ በ2025 ለሁለት ሰው ቤተሰብ 26,437 ዶላር ገደማ። ገቢ ካነሰ ጥምር ስፖንሰር ማምጣት ይፈቀዳል፣ ግን የሚፈርመው ሰው ምን ላይ እንደሚፈርም ይወቅ። ግዴታው በፍቺ አይቋረጥም፤ የመጣችው ሰው ዜግነት እስክታገኝ ወይም 40 ሩብ ዓመት ሥራ እስኪቆጠርላት ድረስ ይዘልቃል። ደላላው ያገናኛችሁ የማታውቁት «ስፖንሰር» የታክስ ወረቀቱ የተጭበረበረ ሆኖ ከተገኘ፣ ጣጣው እናንተ ላይ ይወድቃል።

ጋብቻው ራሱ የውሸት ከሆነ ደግሞ ሕጉ ርኅራኄ የለውም። እስከ አምስት ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት አለው፤ የውጭ አገሩ ሰው ላይ የሚጣለው የአይ-130 እገዳም በይቅርታ የማይነሳ ነው፣ በኋላ በእውነት ቢያገባ እንኳ። የዲቪ ዕድለኛ ላይ በክፍያ የሚለጠፍ «ትዳር»ም እዚሁ ውስጥ ይገባል።

ሰነድ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። የቀን መቁጠሪያ ልወጣ ብዙ ፋይል ያዘገያል፤ መስከረም 1 ቀን 2016 በፈረንጆች ሴፕቴምበር 12፣ 2023 እንጂ 11 አይደለም፣ ጳጉሜ ስድስት ከሆነችበት ዓመት በኋላ ቀኑ በአንድ ይገፋልና። ትርጉም ላይና ፎርም ላይ የተለያየ ቀን ከሰፈረ ማብራሪያ ይጠየቃል። ሁለተኛ፣ ቤሩት ወይም ጅዳ ወይም ዱባይ ሠርታ የተመለሰች እጮኛ ከ16 ዓመቷ በኋላ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የኖረችበትን አገር የፖሊስ ማስረጃ ታቀርባለች። «ሙሉ ፓኬጅ»ው ይህን ስለማያካትት የሚሰማው ኢንተርቪው ቀን ነው።

እርዳታ ካስፈለጋችሁ በአሜሪካ የሕግ ምክር መስጠት የሚችለው ጠበቃ ወይም በአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ዕውቅና የተሰጠው ተወካይ ነው። ኖተሪ ጠበቃ አይደለም፤ ታክስ የሚሠራላችሁም እንዲሁ። ጠበቃ ነኝ ያለውን ፈቃድ በሰጠው ስቴት የጠበቆች ማኅበር ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልጉት። ወኪላችሁ ከሆነ ጂ-28 የሚባል ፎርም ይፈርማል። «ስሜ እንዳይገባ» የሚል ሰው ለምን እንደሚደበቅ ጠይቁት። ባዶ ፎርም ላይ አትፈርሙ፣ ዋናውን ፓስፖርት አትስጡ።

ገንዘቡን ቀድማችሁ ከከፈላችሁ መጀመሪያ የሪሲት ቁጥሩን ጠይቁ፤ ሦስት ፊደልና አስር ቁጥር ነው፣ ዩኤስሲአይኤስ ድረ ገጽ ላይ ታስገቡታላችሁ። ቁጥር ከሌለ ፋይል አልገባም ማለት ነው፣ ስክሪንሾት ብቻ ከላኩላችሁም ያው ነው። ቁጥሩ ካለ የገባውን ሙሉ ቅጂ አምጡ በሉ፤ እምቢ ካሉ በመረጃ ነጻነት ሕጉ ከዩኤስሲአይኤስ መጠየቅ ትችላላችሁ። ውስጡ ያልተናገራችሁት ነገር ተሞልቶ ካገኛችሁ ኢንተርቪው ሳይደርስ ጠበቃ አሳዩት፤ ስህተቱን እነሱ ከሚያገኙት እናንተ ቀድማችሁ ብታስተካክሉት ይሻላል። አድራሻውን ደግሞ አጣሩ፦ ፎርሙ ላይ የደላላው ፖስታ ሳጥንና ኢሜይል ከተጻፈ ማብራሪያ የሚጠይቀው ደብዳቤ ወደ እሱ ነው የሚሄደው፣ የመልስ ቀኑ ካለፈ ፋይሉ ሳታውቁት ይዘጋል።