ሲያትል ላይ ጀልባውን የት እናቁመው? ሺልሾል፣ ሌክ ዩኒየን ወይስ ዲሞይንስ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ደወለ። «ጀልባ ገዛሁ!» አለኝ። ባለ 36 ጫማ የሸራ ጀልባ። መኝታ አላት፣ ምድጃ አላት፣ ሽንት ቤት አላት። ሁለት ሦስት ሳምንት ከደሴት ደሴት ይዛ የምትዞር ዓይነት። እንኳን ደስ ያለህ ብዬው «የት ልታቆማት ነው?» አልኩት። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «ሻጩ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንሳልኝ ብሎኛል። መቼም አንድ ስሊፕ አይጠፋም» አለኝ።

ይጠፋል እንጂ! ስሊፕ ማለት ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ ወደብ) ውስጥ ለአንድ ጀልባ የተለየች ማቆሚያ ናት። እንደ አፓርታማ ፓርኪንግ በወር ትከራያለች። ለዚህ መጠን ጀልባ ጥሩ ጥሩዎቹ ማሪናዎች ብዙ ጊዜ ወረፋ አላቸው። የሻጩ ስሊፕ ከጀልባዋ ጋር ይተላለፍልኛል ብላችሁም እንዳትተማመኑ። ውሉ በአብዛኛው የሰውየው ነው፤ የጀልባዋ አይደለም። ስለዚህ ገና ጀልባ ስታማርጡ ሁለት ሦስት ቦታ ስማችሁን አስመዝግቡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ይህን የምለው ከወዳጄ ተሽዬ አይደለም። እኔ የመጀመሪያዬን ስሊፕ የመረጥኩት በዋጋው ብቻ ነበር። ሌክ ዩኒየን ላይ፣ ከሥራ ቦታዬ አሥር ደቂቃ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው ሆነብኝ።

አንድ ዓርብ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። (ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ልጆቹን፣ ምግቡን፣ ብርድ ልብሱን ጭነን ከሰዓት በኋላ 4:05 ላይ ፍሪሞንት ድልድይ ሥር ደረስን። ያ ድልድይ ተዘግቶ ሳለ ከውሃው ያለው ከፍታ 30 ጫማ ነው። የእኛ ምሰሶ 50 ጫማ ነበር። ጥሩምባውን አንድ ረጅም አንድ አጭር ነፋሁ። መልሱ ባጭሩ «6 ሰዓት ላይ ና» ሆነ። ለካ እነዚህ ድልድዮች ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ከ7 እስከ 9፣ ማታ ደግሞ ከ4 እስከ 6 ለመዝናኛ ጀልባ አይከፈቱም። መኪናው እንዳይቆም ነው። ጋዝ ወርክስ ፓርክ ፊት ለፊት ሁለት ሰዓት ስንዞር ዋልን። ከዚያ የባላርድ ድልድይ ቀጠለ። ከዚያ ሐይቁን ከባሕሩ የሚያገናኘው የውሃ በር፣ የሎኩ ወረፋ። ባሕሩ ጋ ስንደርስ መሽቷል። ብሌክ ደሴት ለማደር ያቀድን ሰዎች ሺልሾል የእንግዳ ማቆሚያ ላይ አደርን። በመኪና ሃያ ደቂቃ ከማይሞላ ቦታ መምጣታችን ነው።

ከዚያ ወዲህ ማሪና የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው። ከቤቴ በር እስከ ክፍት ውሃ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ኪራዩን ከዚያ በኋላ ነው የማየው።

እዚህ ጋ የሲያትልን ውሃ ላላወቀ ሰው ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። ሌክ ዩኒየንና ሌክ ዋሽንግተን ጨው የሌላቸው ሐይቆች ናቸው። ከባሕሩ በ20 ጫማ ገደማ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። ሐይቁንና ባሕሩን የሚያገናኙት በ1917 የተከፈቱት የባላርድ ሎኮች ናቸው። እንደ ውሃ አሳንሰር አስቧቸው። ጀልባዋ ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ይወርዳል ወይም ይወጣል፣ ሌላው በር ይከፈታል። ለመዝናኛ ጀልባ በነጻ ነው። ሁለት ናቸው። ትልቁ 825 ጫማ ርዝመት አለው፣ ትንሹ 150። ለትልቁ እያንዳንዳቸው 50 ጫማ የሆኑ ሁለት ገመዶች ያስፈልጓችኋል። በክረምት (በፈረንጁ ዊንተር ማለቴ ነው) ማክሰኞ ጠዋት ብትመጡ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። በሐምሌ እሁድ ማታ ግን ከተማው ሁሉ ከባሕር ሲመለስ ወረፋው ከሰዓት በላይ ሊያቆማችሁ ይችላል። በየጊዜውም አንዱ ለጥገና ይዘጋል።

እንግዲህ ዋናው ምርጫ ከሎኩ ውጭ ወይስ ከሎኩ ውስጥ የሚለው ነው።

ከውጭ ያለው ትልቁ ሺልሾል ቤይ ማሪና ነው። የሲያትል ወደብ ድርጅት ንብረት ሲሆን 1,400 ያህል ጀልባ ይይዛል። ከረጅም የድንጋይ ማዕበል ሰባሪ ጀርባ ተቀምጧል። ከስሊፕ ወጥታችሁ ሸራ ለመስቀል የሩብ ሰዓት ጉዳይ ነው። ድልድይ የለም፣ ሎክ የለም፣ ሰዓት መቁጠር የለም። ዓርብ ማታ 6 ሰዓት ከሥራ ወጥቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማዶ ቤይንብሪጅ ደሴት መልሕቅ መጣል ይቻላል። ጀልባቸው ላይ የሚኖሩ ብዙ ጎረቤቶች አሉ። ይህ ለደኅንነት ትልቅ ነገር ነው። ገመዳችሁ ሌሊት ቢላላ የሚያስርላችሁ፣ ፓምፓችሁ ሳያቋርጥ ሲሠራ ሰምቶ የሚደውልላችሁ ሰው ይኖራል።

ጉድለቱን ልናገር። የባቡር ሐዲዱ ከኋላ ነው፤ ሌሊት የዕቃ ባቡር ይጮኻል። በሰመር የሰሜን ነፋስ ሲነሳ ዳር ዳር ያሉት ዶኮች (ጀልባ የሚታሰርባቸው ተንሳፋፊ መራመጃዎች) ይወዛወዛሉ። ዋናው ግን ጨዋማው ውሃ ነው። ባርናክል የሚባሉ ድንጋይ መሰል ዛጎል ለባሾች ከጀልባው ሆድ ላይ ይጣበቃሉ። ጠላቂ ከፍላችሁ ታስጠርጋላችሁ፣ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ጀልባዋን ከውሃ አውጥታችሁ ቀለም ታስቀባላችሁ። ይህ ወጪ ከኪራዩ ጋር ካልተደመረ ንጽጽሩ ሐሰት ነው።

ሌክ ዩኒየንና ከእሱ ወደ ሎኩ የሚወስደው ቦይ የዚህ ተቃራኒ ናቸው። ባርናክል በዚያ ውሃ አይኖርም። እንዲያውም ከባሕር የመጣ ጀልባ ጥቂት ሳምንት ሐይቅ ውስጥ ሲቆይ የተጣበቀበት ይሞታል። ማዕበልና ሞገዱ ቀላል ነው። የውሃው ከፍታ በዓመት ውስጥ ከሁለት ጫማ በላይ አይለዋወጥም። ጀልባ ለመጠገን፣ የእንጨት ሥራ ለመሥራት፣ ከሥራ በኋላ ብቅ ብሎ ራት ለመብላት ከዚህ የተሻለ የለም። የጁላይ 4 ርችትም ከራሳችሁ ወንበር ይታያል። ፓርኪንጉ ግን አያድርስ ነው።

ከውስጥ መሆን ካለባችሁ ቢያንስ በሎኩና በባላርድ ድልድይ መካከል ያለውን ክፍል ፈልጉ። ጨው የለውም፣ መንገዱን የሚዘጋ የመኪና ድልድይም የለውም። የሚቀራችሁ ሎኩና ከሎኩ ወዲያ በባሕሩ በኩል ያለው የባቡር ድልድይ ነው። እኔ ይህን ቀድሜ ባውቅ ያን ዓርብ ባላበላሸሁት ነበር።

ሐይቅ ላይ ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛው ዚንክ የምንለው ነው፤ ከፕሮፔለሩ በፊት እሱ እንዲበላ ተብሎ ከውሃ በታች የሚታሰረው ብረት። ጨዋማ ውሃ ላይ ዚንክ ይሠራል። ሐይቅ ላይ ማግኒዥየም ነው የሚሻለው። ወዲህ ወዲያ ለሚል አሉሚኒየም። ሁለተኛው የሕይወት ጉዳይ ነው። ኤሌክትሪክ ባለው ማሪና ውስጥ ልጆች በጭራሽ አይዋኙ። የትም ቢሆን ክልክል ነው፣ ሐይቅ ላይ ግን ይብሳል። ጨዋማ ውሃ ከሰው አካል ይልቅ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ የሾለከው ኃይል ዋናተኛውን አልፎ ይሄዳል። ጨው በሌለው ውሃ ግን የሚያልፈው በሰውየው ነው። ምንም ምልክት ሳይታይ ጡንቻ ይሽመደመዳል።

ሦስተኛው ዲሞይንስ ነው። ብዙ ሐበሻ የሚኖረው በደቡብ በኩል ነው፤ ሬይንየር ቫሊ፣ ተክዊላ፣ ሲታክ። ከዚያ ሺልሾል ለመድረስ ዓርብ ማታ ከተማውን ሰንጥቆ ማለፍ አለ። ዲሞይንስ ማሪና ግን የከተማዋ ንብረት ሆኖ እዚያው ደጃፍ ላይ፣ ባሕሩ ላይ ነው። ሎክ የለም። ፊት ለፊት ቫሾን ደሴት አለ፤ ኳርተርማስተር የሚባለው ጸጥ ያለ መጠለያ ቅርብ ነው። ታኮማና ጊግ ሃርበርም እንደዚሁ። ልጆች ላሉት፣ ጉዞው በአብዛኛው የቅዳሜና እሁድ ለሆነ ቤተሰብ ይህ ብዙ ሰው የማያስበው ጥሩ ምርጫ ይመስለኛል። የሚከፈለው ዋጋ ወደ ሰሜን ስትሄዱ ነው። ሳን ሁዋን ደሴቶች ዓላማችሁ ከሆኑ ሺልሾል እስክትደርሱ ብቻ በ6 ኖት (የባሕር ማይል በሰዓት) ፍጥነት ሦስት ሰዓት ገደማ ይጨምራል። የሲታክ አውሮፕላኖችም ከአናታችሁ በላይ ናቸው።

ኤሊየት ቤይ ማሪና የግል ነው፣ መሃል ከተማና ሬይንየር ተራራ ቁልጭ ብለው ይታዩበታል። ገንዘብ ካላችሁ ምን አከራከረን። ኤቨረት በዌስት ኮስት ካሉት የሕዝብ ማሪናዎች ትልቁ ነው፣ ከ2,000 በላይ ስሊፕ አለው። ለሳን ሁዋን ጉዞ ጥሩ መነሻ ነው። ግን ዓርብ ማታ አይ-5 ላይ ወደ ሰሜን የነዳ ሰው ለምን እንዳልመረጥኩት ይገባዋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ኪራይ የሚታሰበው በጫማ ነው። ወጥመዱ የትኛው ጫማ የሚለው ነው። ወዳጄ 36 የሚለው ወረቀት ላይ ያለውን ነው። ማሪናው ሲለካ መልሕቁ የተቀመጠበትን የፊት ብረትና ከኋላ የተንጠለጠለችውን ትንሽ ጀልባ ይጨምራል። 39 ወይም 40 ሊመጣ ይችላል። ብዙዎቹ ደግሞ ከጀልባው ርዝመትና ከስሊፑ ርዝመት የሚበልጠውን ነው የሚያስከፍሉት። ለምሳሌ አንድ ጫማ በወር 20 ዶላር ነው እንበል። በ36 ያሰበ ሰው 720 ይጠብቃል። ባለ 40 ስሊፕ ከገባ 800 ነው። በመንግሥት ንብረት ላይ ባሉ ማሪናዎች የዋሽንግተን ግዛት የ12.84 በመቶ የኪራይ ታክስ አለ። ሌላ 102 ዶላር ከ72 ሳንቲም። ስትደውሉ «ታክሱ ውስጥ ገብቷል ወይ?» በሉ። ኤሌክትሪኩስ በቆጣሪ ነው ወይስ በቁርጥ? በክረምት ማሞቂያና እርጥበት ማድረቂያ ሲበራ ልዩነቱ ይሰማል። የኢንሹራንስ ወረቀት ሳይኖር ደግሞ አብዛኞቹ ቁልፍ አይሰጡም።

ርዝመቱን ብቻ አትዩ። የቆዩ ማሪናዎች የተሠሩት ጀልባ ጠባብ በነበረበት ዘመን ነው። የአሁኖቹ ሆዳቸው ሰፊ ነው። በሁለት ጀልባ መካከል ዶክ የሌለበት ስሊፕም አለ። እዚያ ነፋስ ሲነሳ ጎረቤታችሁ ላይ ነው የምትገፉት።

ባሕር ላይ ያለውን ስሊፕ ለማየት ስትሄዱ የውሃውን ከፍና ዝቅ ሰዓት ተመልከቱ። ሲያትል ላይ በአማካይ 11 ጫማ ይለዋወጣል። ዶኩ ተንሳፋፊ ስለሆነ አብሮ ይወርዳል፤ መውረጃው መንገድ ግን ገደል ይሆናል። በሰመር ዝቅተኛው ውሃ ቀን እኩለ ቀን ላይ ነው። ያኔ ሂዱ። ኪሉ (ከጀልባዋ ሆድ ሥር ወደ ታች የሚወርደው ክንፍ) መሬት ይነካ እንደሆነ ጠይቁ። እናታችሁን ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነ ያንን መውረጃ እሳቸው ይችሉት እንደሆነ አስቡ። ሌላ ቀን ደግሞ የደቡብ ነፋስ በሚነፍስበት የክረምት ከሰዓት ተመለሱ። እዚህ አውሎ ነፋስ የሚመጣው በአብዛኛው ከደቡብ ነው። በሰኔ ፀሐይ የማያምር ማሪና የለም።

ያልወሰነ ሰው ካለ አንድ ብልሃት አለ። ረጅም ጉዞ የሄዱ ሰዎች ስሊፕ ባዶ ሲሆን ማሪናው ለጥቂት ወራት ያከራየዋል። አንድ ክረምት በዚያ ሞክሩ።

ለእኛ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ከሰል ዶክ ላይ አይሞከርም፣ ጀልባ ውስጥማ ጨርሶ። ቡናውን በጋዝ ምድጃው አፍሉት። በኤሌክትሪክ ከሆነ ባለ 30 አምፔር መስመር ላይ ማሞቂያው፣ የውሃ ማፍያውና ምድጃው አንድ ላይ ሲበሩ ይዘጋባችኋል። ዕጣኑን ደግሞ ውጭ፣ ነፋስ ወደሚወስድበት በኩል። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ እሳት የተነሳ መስሏቸው ነበር፤ አሁን ሲኒ ይዘው ይመጣሉ።

እኔ ሺልሾል ነኝ። ወረፋዬ እስኪደርስ ከአንድ ዓመት በላይ ጠበቅኩ። ወዳጄም እዚያ ይመጣል ብዬ ነበር፤ ተክዊላ የሚኖር ሰው መሆኑን ረስቼ። ዲሞይንስን ሄዶ አየው። ሚስቱ መውረጃዋን በዝቅተኛ ውሃ ወርዳ ወጣች። ልጆቹ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አሥራ ስድስት አውሮፕላን ቆጠሩ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ማሪና የሚባል ነገር መስማት አልፈለጉም።