የብሉቱዝ ማዳመጫዬን በስክሪፕት ማዘዝ፦ ከወራት በኋላ የቀረውና የተወገደው

ላፕቶፔ ማክ ነው። ድምፅ የሚያወጡ ሦስት ነገሮች ይገናኙታል፦ የብሉቱዝ ማዳመጫ፣ የዩኤስቢ ስፒከር፣ ደካማ ስፒከር ያለው ሞኒተር። ሞኒተሩን ስሰካ ድምፁ ወደ ሞኒተሩ ይሄዳል። ማዳመጫውን ሳበራ ማይኩም ተከትሎት ይሄዳል። በእጅ ማስተካከሉ ከባድ አይደለም። ሴቲንግ ከፍቶ ሁለት ቦታ መንካት ነው። ግን ስብሰባ ሊጀመር ሲል፣ ያውም በቀን ደጋግሞ ሲሆን ልብ ያደርቃል። ለዚህ ነው ስክሪፕት፣ ማለትም ትእዛዞችን በተራ የሚፈጽም አጭር ፕሮግራም፣ የጻፍኩለት። ይኸው ወራት አልፈውታል።

የምጠቀምባቸው ሦስት ነጻ ፕሮግራሞች ናቸው። ብሉዩቲል ብሉቱዝን ከተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት) ያዛል፤ አገናኝ ሲሉት ያገናኛል፣ አላቅ ሲሉት ያላቅቃል። ስዊችኦዲዮሶርስ የድምፅ መውጫና መግቢያውን ይቀይራል። ሃመርስፑን ደግሞ ሉዋ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የሚጻፍ ፋይል እያነበበ ለኪቦርድ ቁልፎች ሥራ ይመድባል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሆነውንም ይከታተላል። ሦስቱም ከተርሚናል ፕሮግራም በሚጭነው በሆምብሩ ይጫናሉ። ብሉዩቲል ሥራ እንዲጀምር ለሚጠራው ፕሮግራም የብሉቱዝ ፈቃድ መስጠት ያስፈልጋል፤ እሱ ካልተሰጠ ገና ሲነሳ ይቋረጣል።

አሁን አንድ የቁልፍ ጥምረት ስጫን ማዳመጫው ይገናኛል፣ ድምፁ ወደ እሱ ይዞራል፣ ማይኩ ግን ላፕቶፑ ላይ ይቀራል። የስክሪፕቱ ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የተለመደው ብሉቱዝ ድምፅ የሚያስተላልፍበት ሁለት መንገድ አለው። ኤቱዲፒ የሚባለው ለማዳመጥ ብቻ ነው፤ ስቴሪዮ ነው፣ ጥራቱም ጥሩ ነው። ኤችኤፍፒ የሚባለው ለስልክ ንግግር የተሠራ ሲሆን ድምፅ በሁለቱም አቅጣጫ ያስኬዳል። አንድ ፕሮግራም የማዳመጫውን ማይክ የከፈተ እንደሆነ ማዳመጫው ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ይዞራል። ያኔ ስቴሪዮው ቀርቶ ሞኖ ይሆናል። በሰከንድ የሚወሰደው የድምፅ ናሙና በብዙዎቹ ማዳመጫዎች 16 ሺህ፣ በቆዩት ደግሞ 8 ሺህ ብቻ ነው። ሲዲ 44,100 ነው። ስብሰባ ገብቶ ሙዚቃው ድንገት የታፈነበት ሰው ማዳመጫው የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። ምንም አልሆነም፤ ማይኩ ስለተከፈተ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የተዋወቀው የብሉቱዝ ድምፅ ደረጃ፣ ኤልኢ ኦዲዮ፣ ይህን ጣጣ ለማቃለል ይረዳል፤ ግን ኮምፒውተሩም ማዳመጫውም ሊያውቁት ይገባል።

ስለዚህ ማይኩን ላፕቶፑ ላይ ማስቀረት ሁለት ነገር ያስገኛል። እኔ ጥርት ያለ ድምፅ እሰማለሁ፤ የሚሰሙኝም በኤችኤፍፒ ከሚደርሳቸው የተሻለ ይደርሳቸዋል። ጫጫታ ባለበት ቦታ ግን የማዳመጫው ማይክ ለአፍ ስለሚቀርብ ያሸንፋል። ለዚያ ሌላ ቁልፍ መድቤያለሁ።

አንድ ወጥመድ አለ። በአዳዲሶቹ ማክቡኮች ክዳኑ ሲዘጋ ማይኩ በሃርድዌር ደረጃ ይቋረጣል፤ አፕል ሆን ብሎ ለደህንነት ያደረገው ነው። ላፕቶፑን ዘግቶ በሞኒተር የሚሠራ ሰው ስክሪፕቱ «የላፕቶፑን ማይክ ምረጥ» ቢለው የሚያገኘው ዝምታ ነው። ስለዚህ የኔ ስክሪፕት የዩኤስቢ ማይክ ከተሰካ መጀመሪያ እሱን ይመርጣል።

ለመጻፍ ያሰበ ሰው ሁለት ነገር ቢያውቅ ብዙ ጊዜ ይቆጥባል። አንደኛ፣ ብሉዩቲል «ተገናኝቷል» ባለ ቅጽበት ማዳመጫው በድምፅ መውጫዎች ዝርዝር ውስጥ ገና ላይኖር ይችላል። ወዲያው ድምፁን አዙር ቢሉት የተባለው መሣሪያ የለም ይላል። ሦስት ሰከንድ ጠብቅ ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ግን አንዳንዴ ይበዛል፣ አንዳንዴ ያንሳል። ዝርዝሩን በየግማሽ ሰከንዱ እያየ ማዳመጫው ብቅ እስኪል የሚጠብቅ፣ ካልመጣ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ የሚያቆም ዑደት ይሻላል። ሁለተኛ፣ መሣሪያን በስሙ አትጥሩ። አፕል ለማዳመጫው የባለቤቱን ስም ሲሰጠው መሃል ላይ የሚያስገባት የእንግሊዝኛ ጭረት (አፖስትሮፍ) የተጠማዘዘች ናት፤ ከኪቦርድ የምትወጣው ደግሞ ቀጥ ያለች። ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለስክሪፕቱ ግን የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ስሙ ሲቀየርም ነገሩ ሁሉ ይቆማል። ስዊችኦዲዮሶርስ በቋሚ መለያ መምረጥም ስለሚችል እሱን ተጠቀሙ።

አሁን ያስወገድኩት። መጀመሪያ ነገሩን ሙሉ በሙሉ አውቶማቲክ አድርጌው ነበር። ሃመርስፑን የድምፅ መውጫው በተቀየረ ቁጥር ያያል፣ ማዳመጫው ካለ ወደ እሱ ይመልሳል። ወረቀት ላይ ያምራል። በተግባር ግን በገዛ ፈቃዴ ስፒከሩን ስመርጥ ከእጄ ነጥቆ ይመልሰዋል፤ ልክ በሩን በከፈቱ ቁጥር ተነስቶ እንደሚዘጋ እንግዳ። የሰው ምርጫና የኮምፒውተሩን ምርጫ የሚለይበት ነገር የለውም። ስለዚህ ቁልፉ ቀረ፣ ጠባቂው ሄደ። ከአውቶማቲኮቹ የተረፉት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም አንዴ ሠርተው ዝም ይላሉ።

አንዱ ሞኒተር ሲሰካ ድምፁን ወደነበረበት የሚመልሰው ነው። ሌላው ላፕቶፑ ሲተኛ ማዳመጫውን የሚያላቅቀው። ይህ ከሌለ ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ነቃ ሲል ማዳመጫውን ከስልክ ሊሻማ ይችላል። ብሉቱዙን ጨርሶ አጥፋ የሚሉ ስክሪፕቶችም አሉ። እኔ አልወደድኳቸውም። ኪቦርዱም ማውሱም በብሉቱዝ ከሆኑ ላፕቶፑን በምን ይቀሰቅሱታል?

ሊኑክስ ላይ ሥራው እንዲያውም ይቀላል፤ ብሉቱዝ ሲቲኤልና ፓክቲኤል የሚባሉት የተርሚናል ፕሮግራሞች አብዛኛውን ይጨርሱታል። የድምፅ መሣሪያዎችን የሚያስተዳድረው ዋየርፕላምበር ደግሞ ማይክ ሲከፈት ወደ ኤችኤፍፒ እንዳይዞር የሚከለክል ሴቲንግ አለው። ዊንዶውስ ላይ ሳውንድቮልዩምቪው የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ድምፅ ይቀይራል። እዚያ ልብ በሉ፦ ዋናው የድምፅ መሣሪያና የመገናኛ መሣሪያው ለየብቻ ይመረጣሉ። አንዱን ብቻ ከቀየሩ ሙዚቃው ሌላ፣ ስብሰባው ሌላ ቦታ ይሰማል።

እስካሁን ያልተፈታው የስብሰባ ፕሮግራሞቹ ነገር ነው። ብዙዎቹ ማይክና ስፒከር በራሳቸው ሴቲንግ ይይዛሉ። እዚያ ውስጥ ማዳመጫው በስም ከተመረጠ የኔ ስክሪፕት ከላይ ያሻውን ቢቀይር አይሰሙትም። በእያንዳንዳቸው ገብቶ «የሲስተሙን ተከተል» የሚለውን መምረጥ ግድ ነው። አንዳንዴ ከአፕዴት በኋላ ያ ምርጫ ስለሚጠፋ፣ አዲስ ስሪት በጫንኩ ቁጥር መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።